ከማዕዘኑ የነቀልኩት ሽቦ

ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ተቀምጬ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ መሥራት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ልጆቼን ያሳደግሁት፣ የዳርኩትም በዚሁ ሥራ ነው። የፕላስቲክ ጫማ መጥቶ ገበያዬን ቢያቀዘቅዘውም፣ ከከላላ በኩል ድንጋይ እየረገጠ ለሚመጣ ሰው የኔን ጫማ የሚያህል አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ ያደረገው ይመስክር።

በዚያ ዓመት በአፋር በኩል መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሬዲዮው በየቀኑ ያወራዋል። እኛም ዘንድ ሁለት ሦስት ጊዜ የቤቱ ቆርቆሮ ተንኳክቶ ሰው እየሮጠ ደጅ ወጥቷል። በጥር ወር፣ ወሬው ገና ትኩስ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት ሱቄ ድረስ መጣች። ሱቅ የምለው አራት ቋሚ እንጨትና ከላዩ የተወጠረ ላስቲክ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ጎማ እንዴት እንደሚቆርጡ ለማየት ነበር።»

«ጫማ ከፈለግሽ እግርሽን አምጪው።»

«ጫማው ለኔ አይደለም፤ ለድልድይ ነው።»

ቀና ብዬ አየኋት። የምታሾፍ አትመስልም። በከተማችን ኮሌጅ የምታስተምር መሐንዲስ ነበረች፤ የከላላ ልጅ፣ የቄስ ልጅ። ያልተቆረጠ ጎማ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት ድንጋይ አቁማ ደብተሯን ከላይ አስቀመጠችበት። ድንጋዮቹን ስትነቀንቃቸው ደብተሩ ወደቀ። ቀጥላ ከኔ ቁርጥራጭ ለስላሳ ጎማ አንስታ ከደብተሩ ሥር አደረገችና ደግማ ነቀነቀች። ደብተሩ ወዲያና ወዲህ አለ እንጂ አልወደቀም።

በምሰሶውና በድልድዩ መካከል ወፍራም የጎማ ትራስ ከገባ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚናጠው ምሰሶው ነው፤ ትራሱ ይለጠጣል፣ ድልድዩ ቀስ ብሎ ይወዛወዝና ተመልሶ ቦታው ይገባል አለችኝ። በውጭ አገር ጎማና ብረት በየተራ እየደራረቡ በፋብሪካ ይሠሩታል። ውድ ስለሆነ ለገጠር ወንዝ ማንም አያመጣውም። እሷ ያሰበችው ግን ሌላ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው። ቆርጠን ብንደራርበው ያው ጎማና ብረት ነው።

«ሽቦ ያለውን ነው የምትፈልጊው?»

«ሽቦ ያለውን ብቻ።»

«ሽቦ ያለው ጎማ ለምንም አይሆን። ቢላ ይበላል፣ እግር ይወጋል።»

እኛ ጎማ ቆራጮች ሽቦ የሌለበትን፣ በክር የተሠራውን ጎማ ነው የምንወድ። ያ ጠፍቶ ባለሽቦውን ለመቁረጥ የተገደድን እንደሆነ፣ ሽቦውን በጉጠት አንድ ባንድ ነቅለን እናወጣለን። ይህን ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጫማ ከእጄ ሳይወጣ ዳሩን በጉንጬ እንድዳብሰው አድርጎኛል። ጉንጭህን ከወጋህ አትሽጠው ይል ነበር። ሽቦ ያለበት ጫማ የሸጠ ሰው በኛ ሙያ ስሙ ይነሳል፤ ሚስቱ ሳትቀር ትሰማዋለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን አልደበቀችኝም። ከከተማው በታች ያለው ወንዝ የድሮ መሻገሪያውን ክረምት ወስዶታል። ጋሪና አምቡላንስ የሚያሳልፍ አነስተኛ ድልድይ ሊሠራ ታስቧል። የሷ ትራስ በእንግዶች ፊት ተፈትኖ ከቻለ፣ ከዚያ ድልድይ ሥር ይገባል። ካልቻለ ኮሌጁ ሥራውን ይዘጋዋል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያዩልኝ አባባ» አለች። «ልጅ ሆኜ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ እየሞላ ከትምህርት ቀርቻለሁ። ይኼን ድልድይ ካልሠራሁ መሐንዲስ መባሌ ምኑ ነው?»

እሺ አልኳት። ልቤ ግን ሽቦው ላይ እንደከረረ ነበር።

ገበያው ሁሉ ሰማ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ይጮኽብኛል።

«አንተ! ለድልድዩ ስንት ቁጥር ነው የምትሠራለት?»

«ያንተን አፍ የሚያህል።»

«ቀኙን ለክተህ ግራውን ይዞብህ ቢጠፋስ?»

«አንተ ሱሪውን ስፋለትና አብረን እንፈልገዋለን።»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ወላሂ፣ እውነት ለመናገር ያህል፣ ከሚስቴ በቀር እንደዚያ ያለ ደስታዬን ያወቀ የለም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኮሌጅ እገባ ነበራ።

ኮሌጁ ውስጥ ትራሱን የምትፈትንበት አንድ የብረት ቤት ነበራት። በትራሶቹ መካከል አንድ ብረት ታስገባለች፤ የመኪና ክሪክ የሚመስል ትልቅ መጫኛ ከላይ ይጫናል፣ ሌላው ደግሞ የመካከሉን ብረት ወደ ጎን ይገፋል። ከጎኑ የእጅ ሰዓት የመሰለ መለኪያ አለ። እኔ እጫናለሁ፣ እሷ መለኪያውን እያየች ትጽፋለች። የመጀመሪያው ትራስ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ወጣ። ጎማው ፊቱ ልስልስ ነበርና በሞረድ አሻከርኩት፤ በማስቲሽ አጣበቅሁት። ሁለተኛው አልተንሸራተተም፤ ነገር ግን ገና በሦስተኛው ግፊት መካከሉ ለቀቀ። የማስቲሹን ዓይነት ለወጥን፣ ከባድ ነገር ጭነንበት ሦስት ቀን አቆየነው። ሦስተኛው ግን ሌላ ሆነ። ሃያ ጊዜ ገፋነው፣ ሃያ ጊዜ ቦታው ተመለሰ።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ልቀቂኝ፣ ጎማ ጎማ እሸታለሁ!»

«ይሽተቱ! ዛሬ ይሽተቱ!»

በዚያው ቀን ትራሱን ልታነሳ ስትል ከዳሩ ያፈነገጠ ሽቦ መዳፏን ወጋት። መጀመሪያ ደም አልታየም፤ በሦስተኛው ቀን ግን እጇ አብጦ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። እኔ ራሴ የቆረጥኩት ጎማ ሰው ወጋ ማለት ነው። አርባ ዓመት እንዲያ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«ዳር ዳሩን በጉጠት ልንቀልልሽ» አልኳት።

«እንዳይነኩብኝ! ጉልበቱ እሱ ነው።»

«ከዳሩ ትንሽ እኮ ነው።»

«ጎማው ሲጫኑት ወደ ውጭ ማበጥ ይፈልጋል፤ የሚይዘው ሽቦው ነው። ዳሩ ላይ ሽቦው ከጎደለ መከፈት ከዳሩ ይጀምራል። እጄን እንደሆነ አብሽሩ፣ ይድናል።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለአፌ ያህል ነበር። ከኔ ይልቅ ይህቺ ልጅ ስለ ጎማ ታውቃለች ብዬ አላመንኩም።

በግንቦት እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። እሷ ብረት ለማምጣት ሳምንት ሙሉ ደሴ ሄደች። ለእንግዶቹ የሚቀርቡትን አራት ትራሶች ለኔ ተወችልኝ። ከደጎሎ በመጣ ጎማ በጥንቃቄ ቆረጥኩ። ሞረድኩ። ከማጣበቄ በፊት እያንዳንዱን ንብርብር ዳሩን በጉንጬ ዳበስኩት። ወጋኝ።

እጄ ልማድ ሆኖበት ነው ብዬ ላመካኝ አልፈልግም። አስቤበታለሁ። ትልልቅ ሰዎች መጥተው በእጃቸው ይዳብሱታል፤ የኔ ሥራ ይወጋቸዋል። የሷም እጅ ገና አልዳነም። ሽቦው ጎማው ውስጥ በሰያፍ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መካከል ላይ ረጅም ነው፣ በጉጠት አይመጣም። ማዕዘኑ ላይ ግን አጭር አጭር ነው፤ እንደ አረም አንድ ጊዜ ስትስበው ይወጣል። መካከሉ ላይ ያፈነገጠውን ጫፍ ከሥሩ ቆረጥኩት፣ ማዕዘኖቹን ነቀልኳቸው። የእያንዳንዱን ንብርብር፣ የአራቱንም ትራሶች። ቀዳዳዎቹን በጋለ ብረት ደፈንኩ። አጣብቄ ስጨርስ ምንም አይወጋም፤ እንደ ተወለወለ ሳንቃ ሆነ።

ከደሴ ተመልሳ ስታየው በዚያው በታሰረው እጇ ዳሩን ዳበሰችው።

«እንዴት አማረ! አባባ፣ የፋብሪካ መሰለ እኮ!»

ይህንን እስክሞት አልረሳውም። ኮራሁ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ ከዞን፣ ከመንገድ ሥራ፣ የኮሌጁም ኃላፊ። እሷ ነጭ ጋዋን ለብሳ አስረዳቻቸው። እኔ መጫኛው ጋ ቆምኩ። ጫንን። መግፋት ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች። በስምንተኛው ላይ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የአንዱ ትራስ ማዕዘን አበጠ፤ ከዚያ ንብርብሩ እንደ አፍ ተከፈተ። ብረቱ ዘመመ። «ልቀቁ!» አለች፤ ለቀቅኩ።

 ከእንግዶቹ አንዱ «እንግዲህ ጎማ ጎማ ነው» አለና ሁለት ሰዎች ሳቁ። ያንን ሳቅ ሰምታ አንገቷን ስትደፋ አየሁ።

ከሷ ቀድሜ ነው ነገሩ የገባኝ። የተከፈተው ልክ ሽቦውን የነቀልኩበት ቦታ ነው። እሷ እንግዶቹን ለመሸኘት ስትወጣ ትራሶቹን አንስቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ቤቱን የማጸዳ መስዬ። ተመልሳ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ከፊተኛው የተለየ ያደረጉት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሽቦውን አልነኩትም አይደል?»

«እኔ ምን በወጣኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝ። አባቷን የምታምን ልጅ እኔን ለምን አታምንም?

በዚያው ከሰዓት በኋላ ትራሶቹን ገበያ ወስጄ በቢላ ከታተፍኳቸው። በማግስቱ «ልመርምረው» ብላ ስትመጣ «ጣልኩት እኮ፣ ምን ይሠራል ብዬ» አልኳት። «ምነው አባባ!» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። እኔ የደከመኝ መስሏት ነበር።

ኮሌጁ የብረት ቤቱን ለሌላ ሥራ ሰጠው። ወንዙ ላይ ድልድዩ ክረምቱ ሳይጠና በጥድፊያ ተሠራ፤ ያለ ትራስ፣ ሲሚንቶው በሲሚንቶ ላይ ድርቅ ብሎ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው እንኳ ስለ ጫማ ቁጥር መጠየቁን ተወ። እሱ ሲቀልድ ነበር የምናደደው፤ ዝም ሲል ባሰብኝ።

ሚስቴ አየችኝ። ምሳዬን ከፊቴ ሳታነሳ ቆመችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው እህል የማይወርድልህ?»

ነገርኳት። ሳህኑን አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ሂድና ንገራታ።»

«ምን ያደርግላታል? ያለፈ ነገር ነው።»

«ላንተ ነው ያለፈው። እሷማ እስካሁን ሒሳቧን እየፈለገች ይሆናል።»

«ዝም በይ እስቲ!»

ዝም አለች። ሰኔን ዝም አለች፣ ሐምሌንም። በየምሳው ግን ያንኑ ዓይን ታደርግብኛለች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ ሰው በገፋኝ ቁጥር ወደ ኋላ የምል ሰው ነኝ። ነገ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ዝናብ ነው እላለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ትንሽ አባርቶ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። ጃንጥላዋን አጠፈችና ጎማው ላይ እንደ ድሮዋ ተቀመጠች። ከስታለች። ደሴ የቢሮ ሥራ ማግኘቷን፣ በማግስቱ ጠዋት እንደምትሄድ ነገረችኝ።

«ድልድይ ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«የለም። ወረቀት ነው። ድልድይ ትቻለሁ አባባ።»

«ለምን?»

«ሒሳቡን ደጋግሜ አየሁት። ሌሊት ሕልሜ ሳይቀር እሱ ነው። ስህተቱን አላገኘሁትም። የት እንደተሳሳተ የማያውቅ ሰው በላዩ ሰው የሚሄድበትን ነገር መሥራት የለበትም።»

እጄ ላይ የነበረውን ቢላ አስቀመጥኩ። አሁን ነው፣ አሁን ልንገራት አልኩ። አፌን ከፈትኩ። በዚያ መካከል ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

«አንቱን አለፋሁዎት። አምስት ወር ከሥራዎ አስፈትቼ የገበያ መሳቂያ አደረግሁዎት። ይቅር ሳልባል አልሄድም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

በኛ አገር የሚሰናበት ሰው ይቅርታ ሲጠይቅህ የሚመለስለት መልስ አንድ ነው። ከአፌ ወጣ።

«ይቅር ለእግዜር» አልኳት።

እኔ እሷን ይቅር አልኳት! ያረቢ! ጃንጥላዋን ዘርግታ በጭቃው መሐል ስትሄድ ቆሜ አየኋት። ቤቴ ገባሁ፣ ለሚስቴ የተባለውን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ጋቢዬን ለጠዋት አዘጋጅታ በሩ አጠገብ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን መናኸሪያ ደረስኩ። የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። በመስኮት በኩል አገኘኋት። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ልሸኛት የመጣሁ መስሏት።

«ምነው በዚህ ጭቃ!»

«ሽቦውን ነቅዬዋለሁ» አልኳት። «የማዕዘኑን ሽቦ። ደሴ ሄደሽ ሳለሽ። ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ። ትራሱንም የከተፍኩት እንዳታይው ነው። ሒሳብሽ ምንም አልነበረበትም።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ረስታው ቀረ። ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ ፈለገች።

«ስንት ጣት ያህል?»

በጣቶቼ አሳየኋት። ሦስት ጣት።

«በሁሉም ማዕዘን?»

«በሁሉም።»

«በሁሉም ንብርብር?»

«በሁሉም ንብርብር።»

መዳፏ ላይ፣ የድሮው ጠባሳ አጠገብ፣ ጻፈችው። የጻፈችውን ትክ ብላ አየችው። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

 ይቅር አላለችኝም፣ አልሰደበችኝም። ረዳቱ በሩን መታው፣ አውቶቡሱ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ የነበረ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ከመናኸሪያው ቤቴ አልተመለስኩም። ኮሌጁ በር ላይ ቆሜ ቢሮ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ኃላፊው ሲመጣ ጭቃዬን ሳላራግፍ ተከትዬው ገባሁና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

«አባት፣ ይህ ጉዳይ እኮ ተዘግቷል» አለኝ። «ድልድዩም ተሠርቷል። አሁን ምን ይጠቅማል ብለው ነው?»

«የዘጋችሁት በሷ ስህተት ብላችሁ ነው። ክፈቱትና በኔ ብላችሁ ዝጉት። ጻፉልኝ።»

«ይጻፍ ካሉ ይጻፋል።»

ጸሐፊዋ ጻፈችና አነበበችልኝ። «በግንዛቤ ማነስ ምክንያት ሽቦው በመነቀሉ» የሚል አለበት።

«ይኼ ግንዛቤ ያልሽው ምንድነው?»

«ሳያውቁ ያደረጉት ነው ለማለት ነው፤ ለእርስዎ እንዲሻል ብዬ ነው አባቴ።»

«አውቄ ነው ያደረግሁት። አትንካ ብላኛለች። ጠይቃኝም ዋሽቻለሁ። እሱን ጻፊ።»

ኃላፊውን አየችው። ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀ። ደግማ ጻፈችው። ወረቀቱን ራሴ ተቀበልኳት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ለይቻለሁ፤ ቶሎ ባይሆንልኝም አነባለሁ። በጣቴ መስመር በመስመር እየወረድኩ ፈለግሁት። አራተኛው መስመር ላይ «ዋሽቻለሁ» የሚለውን አገኘሁ። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩበት። አንዱን ቅጂ ደሴ ወደምትሠራበት ቢሮ እንዲልኩላት ነገርኳቸውና፣ በፖስታ ታሽጎ አድራሻዋ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ቆምኩ።